ምትክ ያለው ቃል፦ የሮቦት ቡድን የሚያሠለጥን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጊዜውን እንዴት ያብቃቃ?

(ለክረምት ዕረፍት ወደ ቆቦና ወደ አካባቢዋ ለተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መደበኛ ትምህርቱን እየተማረ፣ ኳሱን እየተጫወተ፣ በግቢ ጉባኤው ወይም በጀመዓው እያገለገለ፣ በዚያ ላይ የቆቦን ልጆች ሰብስቦ ሮቦት መሥራት ሊያስተምር ይችላል ወይ? ይችላል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ተማሪ ግን ነገሩ በጉብዝናና እንቅልፍ በማጣት የሚሆን ይመስለዋል። እንዲህ የተጀመረ ቡድን እስከ ሚድ ፈተና ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። የሚዘልቀው ገና ከጅምሩ፣ አሠልጣኙ በማይኖርበት ቀን ማን እንደሚተካው ተወስኖ የተቋቋመ ቡድን ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የቀረው ምክንያቱና አሠራሩ ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት

ተማሪ ሆኖ ማስተማር በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄዶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነበት፤ አብዛኛውም የተመደበው በአስተማሪነት ነበር። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በሐምሌ 1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ፤ ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ ትምህርቱ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ።

ስለነዚህ ዘመናት ብዙ ሊባል ይቻላል፤ የፖለቲካውን ጉዳይ ለታሪክ ባለሙያዎች ልተወው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ያን ጊዜ የሚያገለግለው ተማሪ ለአገልግሎቱ ራሱን የቻለ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ሙሉ ዓመት ነበረው፤ በ1967ቱ ዘመቻ ደግሞ የመማሪያ ክፍሎቹ ራሳቸው ተዘጉ። ዘማቹ ገጠር ሳለ ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀው ፈተና አልነበረውም።

የዛሬው በጎ ፈቃደኛ ግን ትምህርቱንና አገልግሎቱን በአንድ ትከሻ ይሸከማል። ዩኒቨርሲቲው አይዘጋለትም፤ አሳይመንቱ አይቀርለትም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ትምህርትንና አገልግሎትን አብቃቅቶ መያዝ የዚህ ትውልድ የራሱ ጥያቄ ነው። ከአባቶቻችን ዘመቻ ትጋቱን እንወርሳለን፤ የጊዜውን መልስ ግን ራሳችን ማግኘት አለብን።

ሮቦቱ የሚበላሸው ማክሰኞ ነው

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ የተናገረችውን ሶፊያን ነው። ሶፊያን የሠራው የሆንግ ኮንጉ ሀንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣት ባለሙያዎችም ተሳትፈዋል። ለልጆች የሚሠራ ሮቦት ግን ፊትና ምላስ አያስፈልገውም። አካባቢውን የሚያውቅበት ሴንሰር፣ የሚወስንበት ቦርድና የሚንቀሳቀስበት ሞተር ካለው ይበቃል።

የቆቦ ልጅ ቶሎ የሚገባውን ምሳሌ ልውሰድ። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ ውኃ ከከርሰ ምድር በፓምፕ ወጥቶ በቧንቧ ወደ ማሳ ይደርሳል። ውኃው መቼ ይከፈት? መቼ ይዘጋ? ይህ ራሱ የሮቦት ጥያቄ ነው። አርዱዪኖ ኡኖ የምትባለው ትንሽ ቦርድ በ5 ቮልት ትሠራለች፤ 14 ዲጂታልና 6 አናሎግ ፒኖች አሏት። ከአንዱ አናሎግ ፒን ጋር አፈር ውስጥ የሚሰካ ባለ ሁለት ጥርስ የእርጥበት ሴንሰር ይገናኛል። እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ደረቅ አፈር ይከለክላል። ቦርዷ ልዩነቱን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ታነበዋለች። ልጆቹ በደረቅ አፈር የሚታየውን ቁጥርና በእርጥብ አፈር የሚታየውን ቁጥር ራሳቸው ለክተው ይመዘግባሉ፤ ከዚያ «ከዚህ ሲያልፍ ፓምፑን ክፈት» ብለው ፕሮግራም ይጽፋሉ። ሪሌ የሚባለው ማብሪያ ትንሿን ፓምፕ ያስነሳታል። አባቱ የሆርማትን ወይም የጎሊናን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳው ሲጠልፍ ያየ ልጅ የዚህ ሥራ ጥቅም እንዲገባው ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም።

ቅዳሜ ይህ ሁሉ ይሠራል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ማክሰኞ ግን ይቆማል። ርካሹ ሴንሰር እርጥብ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ሲያልፍበት ጥርሱ ይበላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሚያነብበት ቅጽበት ብቻ እንዲሆን ፕሮግራሙን ማስተካከል ነው። ግን ማን ያስተካክለው? አሠልጣኙ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ እሱን ከጠበቁ አራት ቀን ያልፋል፤ እሱም ፈተና ላይ ከሆነ ሁለት ሳምንት ይሆናል። የሮቦት ሥራ ከሌላው የማስጠናት ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሒሳብ ቱቶሪያል ሳምንት ቢዘለል ትምህርቱ ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ሽቦ፣ ባትሪና ሞተር ያለበት ሥራ ግን በየመሀሉ ይበላሻል፤ የተበላሸ ማሽን ታቅፈው የቀሩ ልጆች ደግሞ ቶሎ ይበተናሉ።

የውጭ ልምድ ምን ያሳየናል?

በዓለም ላይ በስፋት ከታወቁት የተማሪዎች ሮቦት ውድድሮች አንዱ ፈርስት የሚባለው ነው። ድርጅቱን አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 መሠረተው፤ የመጀመሪያው የሮቦት ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሲካሄድ የተሳተፉት 28 ቡድኖች ነበሩ። ውድድሩን ከኬመን ጋር ያቋቋሙት የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ውዲ ፍላወርስ ናቸው። በስማቸው የተሰየመው ሽልማት ከ1996 ጀምሮ ለአሠልጣኞች ይሰጣል፤ አሠልጣኙን የሚያጩትም የሚያሠለጥናቸው ተማሪዎች ናቸው።

ውድድሩ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ይከፈታል። ለብዙ ዓመታት ሮቦቱን ሠርቶ ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ ስድስት ሳምንት ገደማ ነበር። ስድስት ሳምንት የሚያቃጥል ጊዜ ነው፤ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ቀን ሥራ ያለው መሐንዲስም ሆነ የኮሌጅ ተማሪ «እስከዚህ ቀን ድረስ አለሁ» ማለት ይችል ነበር። ለአሠልጣኝ የሚከብደው መጨረሻው የማይታወቅ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን የተጀመረው ፈርስት ግሎባል ደግሞ ከ150 ከሚበልጡ አገሮች የመጡ ወጣቶችን አገናኘ። የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ስለ ንጹሕ ውኃ ነበር፤ ሮቦቶቹ ውኃን የሚወክሉ ሰማያዊ ኳሶችንና ብክለትን የሚወክሉ ብርቱካናማ ኳሶችን ይለዩ ነበር። ለሁሉም ቡድን የተላከው ተመሳሳይ የዕቃ ስብስብ ነው። ከዚህም የምንማረው አለ። ዕቃው የታወቀና አንድ ዓይነት ሲሆን አንዱ አሠልጣኝ የጀመረውን ሌላው መቀጠል ይችላል። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የራሱን ቦርድና የራሱን የፕሮግራም ቋንቋ ይዞ ከመጣ ግን ሰውየው ሲሄድ ቡድኑም አብሮት ይሄዳል።

በአገራችንም መንገዱ ተጀምሯል። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላትን አቋቁሟል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከልም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እየተቀበለ ያሠለጥናል። እነዚህ ማዕከላት ቤትና መሣሪያ አላቸው፤ እንደ ቆቦ ያለው የቆላው ራያ ትምህርት ቤት ግን ከነሱ ሩቅ ነው። ይህን ርቀት ማጥበብ የሚችለው ወደ ቤቱ የሚመለሰው የአካባቢው ልጅ ነው።

ሳምንቱን እንቁጠረው

አንድ የሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ እናስብ። የቆቦ ልጅ ነች፤ የምትማረው ወልድያ ነው እንበል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን ስምንት ሰዓት ከተኛች 56 ይሄዳል፤ 112 ይቀራል። የሴሚስተሯ ትምህርት 30 የአውሮፓ ክሬዲት ቢሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው ተብሎ ይታሰባል። በ16 ሳምንት ሲካፈል ክፍል፣ ላብራቶሪና ጥናት ተደምሮ በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይሆናል። 62 ቀረ። ለካፌ ሰልፍ፣ ለምግብ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለገላ በቀን ሦስት ሰዓት ብንሰጥ 21 ይወጣል፤ 41 ይቀራል። ለጸሎት፣ ለቤተሰብ ስልክና ከጓደኛ ጋር ለመጫወት በቀን ሁለት ሰዓት ብንተው 27 ይቀራል።

27 ሰዓት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው እስኪሞላ መጠበቁ፣ መሄዱና መመለሱ ሲደመር ለሦስት ሰዓት ትምህርት የሚወጣው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። ለዝግጅት ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት አንድ ቅዳሜ 10 ሰዓት ገደማ ያስከፍላል። በየሳምንቱ ከሄደች ከትርፍ ጊዜዋ ከሦስተኛው እጅ በላይ ለአንድ ሥራ ዋለ። ኳስ፣ የቀይ መስቀል ክበብና የሥነ ጽሑፍ ምሽት በቀሪው ይሸፈናሉ እንበል። ፈተና ሲመጣ ግን 50ው ሰዓት 65 ይሆናል፤ ያኔ የሚቀነሰው መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ መጨረሻም ልጆቹ ናቸው።

በየሁለት ሳምንቱ ብትሄድ ወጪው በሳምንት ወደ አምስት ሰዓት ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ተማሪ ግን መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህም አይሆንም፤ የሱ ጊዜ ክረምትና የሴሚስተር ዕረፍት ነው። ሒሳቡን ሠርቶ የጀመረ ሰው ለልጆቹ እውነቱን መናገር ይችላል። «በየሁለት ሳምንቱ እመጣለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው «ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ነኝ» ብሎ ከሚጠፋው ይሻላል።

ምትክ ያለውና ምትክ የሌለው ሥራ

ሰዓት መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት ሥራዎች እኩል ሰዓት ቢወስዱም ክብደታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ኳስ ተጫዋች ቢቀር ተጠባባቂ ይገባል። የቀይ መስቀል ክበብ አባል ቢቀር ሌሎች አባላት ሥራውን ይሸፍናሉ። ግቢ ጉባኤም፣ ጀመዓም፣ ፌሎሺፕም አገልጋይ ቢታመም መርሐ ግብራቸው አይታጠፍም። የተማሪዎች ኅብረት ተመራጭ ግን የመረጡት ሰዎች አሉበት፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጥ አይችልም። ብቻውን የሮቦት ቡድን የሚያሠለጥን ተማሪም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ሲቀር ያ ቅዳሜ ይታጠፋል።

ከዚህ አንድ ደንብ አወጣለሁ፦ በአንድ ሴሚስተር ምትክ የሌለው ኃላፊነት ከአንድ አይብለጥ። ምትክ ያላቸው ሥራዎች ሁለትም ሦስትም ቢሆኑ ፈተና ሲደርስ ለጊዜው ይቀነሳሉ፤ ማንም አይጎዳም። የኅብረቱ ፕሬዚዳንትም፣ የሮቦት ቡድን ብቸኛ አሠልጣኝም፣ የቲያትሩ መሪ ተዋናይም ልሁን የሚል ተማሪ ግን ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ይከዳል።

ገበሬዎቻችን ይህን ሒሳብ ያውቁታል። በወንፈል የሚሠራ ሰው የሰው ቀን ሲቀበል የራሱንም ቀን እንዳበደረ ይቆጥራል። በአጨዳ ወቅት ለስንት ሰው ባለ ዕዳ እንደሆነ ሳያሰላ ሌላ ወንፈል አይጠራም። ቀኑ ደርሶ ራሱ ካልቻለ ደግሞ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል እንጂ ዝም ብሎ አይቀርም። የወንፈል ክብር ያለው ሰውየው ባይመጣም ቀኑ መከፈሉ ላይ ነው።

ምትክ እንዴት ይሠራል?

እንግዲህ የአሠልጣኙ ዋና ሥራ ራሱን መተካት ነው። አራት ነገር ያስፈልገዋል።

አንደኛ፣ የቡድኑ ባለቤት የትምህርት ቤቱ መምህር ይሁን። የፊዚክስ ወይም የአይሲቲ መምህሩ ቁልፉን ይያዝ፤ ዕቃው በትምህርት ቤቱ ንብረት መዝገብ ይግባ። መምህሩ ፕሮግራም መጻፍ ባይችልም ግድ የለም፤ ከልጆቹ ጋር ይማራል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ እንግዳ አጋዥ ነው፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ ተመርቆ ይሄዳል። መምህሩ ግን በሚቀጥለው መስከረምም እዚያው ነው።

ሁለተኛ፣ አሠልጣኞቹ ጥንድ ይሁኑ፤ ቢቻል ከተለያየ የትምህርት ክፍል ወይም ከተለያየ ዓመት። አንዱ ሚድ ሲኖረው ሌላው ይሄዳል። ለልጆች ደኅንነትም ይህ ተገቢ ነው፤ አንድ ወጣት ከልጆች ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን መሆን የለበትም፤ ሴት ልጆች ባሉበት ቡድን ሴት አሠልጣኝ ብትኖር ደግሞ ወላጅም በሙሉ ልቡ ይልካል።

ሦስተኛ፣ የቡድኑ ደብተር ይኑር። በየቅዳሜው ምን ተሠራ፣ የትኛው ሽቦ የት ገባ፣ ምን ተበላሸ፣ እንዴት ተስተካከለ የሚለው በአማርኛ ይጻፍ። ጸሐፊዎቹም ልጆቹ ይሁኑ። ሴንሰሩ ማክሰኞ ሲቆም መልሱ ደብተሩ ውስጥ ካለ ለማንም አይደወልም። ኔትወርክ በሚቋረጥበት፣ መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ወረቀት አስተማማኝ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2015 መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ ሸለቆ ሲመላለስ ትምህርት ቤቶችም የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚቋቋም ቡድን «አሠልጣኙ መምጣት ባይችልስ?» የሚለውን ጥያቄ ለክፉ ቀን ብሎ ሊያቆየው አይገባም።

አራተኛ፣ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያስተምሩ። የዘንድሮ የ10ኛ ክፍል ልጅ የከርሞ ረዳት አሠልጣኝ ነው። ሥራው ሲከፋፈልም አንዱ ባትሪ፣ አንዷ ፕሮግራም፣ አንዱ የብረት ሥራ፣ አንዷ መዝገብ እየያዙ በየወሩ ይለዋወጡ። አንድ ነገር አንድ ልጅ ብቻ ካወቀው፣ ያ ልጅ ሲቀር ዕውቀቱም ይቀራል።

አንድ ምክር ልጨምር፤ ፍሬሽማን የሆናችሁ በመጀመሪያው ዓመት ቡድን አትምሩ። ግቢውን እስክትለምዱ፣ የፈተናው ክብደት እስኪገባችሁ ድረስ ከነባሩ አሠልጣኝ ጋር እየሄዳችሁ አግዙ፤ ራሳችሁ ስትተኩት ዝግጁ ትሆናላችሁ።

የቆቦ ዓመት

የዩኒቨርሲቲው የቀን መቁጠሪያ አንድ ነገር ነው፤ የቆቦ ዓመት ሌላ ነው። ሁለቱን ሳያስተያይ ቀን የሚቆርጥ አሠልጣኝ ባዶ ክፍል ይጠብቀዋል።

በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ያፈራል፤ ግሪሳ ይመጣል። ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው። ጥር ሠርግ ነው። በነዚህ ወራት ቡድኑ በከተማው ባሉት ልጆች በርብርብ ሳይሆን በዝግታ ይሂድ፤ የሁለት ሳምንቱ ጉብኝት የሚበቃው ለዚህ ነው። በሴሚስተር ዕረፍት አሠልጣኙ ጥቂት ተከታታይ ቀናት መስጠት ይችላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ከሙስሊም ተማሪዎች ጋር ዓመት በዓመት መመካከር ያስፈልጋል፤ ዓርብ የጁምዓ ሰዓትም አይነካ።

ዋናው የሥራ ጊዜ ክረምት ነው። ዩኒቨርሲቲው ያርፋል፤ አሠልጣኙ ቤቱ ነው፤ የትራንስፖርት ወጪ የለም። ሐምሌ ለእርሻውም ሥራ የሚበዛበት ወር ስለሆነ ሰዓቱን ከወላጅ ጋር መወሰን ይገባል። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይጾማል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሶለል ነው፤ ልጃገረዶቹ በጨዋታቸው ላይ ናቸው። በዚያ ሳምንት «የሮቦት ሥልጠና አለ» ማለት ሴቶቹን ከበዓላቸውና ከቡድናቸው አንዱን ምረጡ ማለት ነው፤ የሚመርጡትም በዓላቸውን ነው፤ ልክም ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ሐምሌ ላይ ይጀመር፤ ማሳያው ከሶለል በፊት ወይም በጳጉሜን ይሁን።

ወላጆች የሚጠይቁት

እናት «ልጄ 12ኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ ሮቦት ምን ይሠራላታል?» ብትል ጥያቄዋ ትክክል ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም የተማሪን ሰዓት ሊያባክን አይገባም። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቡድኑ አባላት ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉት ይሁኑ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እስክትፈተን ድረስ ከቡድኑ ትሰናበት። ሁለተኛ፣ በየቅዳሜው ቢያንስ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ርዕስ ይነሳ። ቮልት፣ ከረንትና ሬዚስታንስ በፈተና ላይ የሚመጡ ናቸው፤ ከ0 እስከ 1023 ያለው ቁጥር ወደ ቮልት ሲቀየር ንጽጽርና ክፍልፋይ ነው። ልጅቷ በእጇ የለካችውን አትረሳውም።

አባት ደግሞ «ልጄን ዩኒቨርሲቲ የላክሁት እንዲማር ነው፤ የሰው ልጅ እያስተማረ የራሱን ይጥላል» ቢል እሱም አልተሳሳተም። ለተማሪው የምሰጠው መለኪያ ግልጽ ይሁን፦ ውጤቱ ካለፈው ሴሚስተር ከወረደ በሚቀጥለው ሴሚስተር ጉብኝቱን ለጥንዱ ይተው። ይህ ውሳኔ የማያሳፍረው ጥንድ ካለው ብቻ ነው። ደግሞም የኦም ሕግን ለ9ኛ ክፍል ልጅ በአማርኛ ማስረዳት የሚችል ተማሪ ራሱ በደንብ ገብቶታል፤ ያልገባውንም ልጆቹ በጥያቄያቸው ያሳዩታል።

ከዩኒቨርሲቲዎች የሚጠበቅ

በ1957 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለአገልግሎት አንድ ዓመት ሰጠ። ዛሬ አንድ ዓመት ይሰጥ አልልም። ቢያንስ ግን የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮዎች ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ። የአሠልጣኞችን የመጓጓዣ ወጪ ይሸፍኑ፤ ያለበለዚያ የሚያገለግለው የኪስ ገንዘብ ያለው ተማሪ ብቻ ይሆናል። ለየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት የዕቃ ስብስብ ያዘጋጁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተመራቂው አሠልጣኝ ቦታ ሳይሞላ የምስክር ወረቀት አይስጡት፤ ወረቀቱ የሚጻፈው ሥራውን ለተተኪው ሲያስረክብ ይሁን። ይህ ቢደረግ በየግቢው ስንት ቡድን ተቋቋመ የሚለው ሪፖርት ቀርቶ ስንቱ ዘለቀ የሚለው ይመጣል።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ ነገ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር ስትቀመጡ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከሁሉ በፊት የምትጽፉት የምትሰናበቱበትን ቀን ይሁን፤ ከጎኑም የሚተካችሁን ሰው ስም። ስሙ እስኪገኝ ድረስ ልጆቹን አትሰብስቡ። ስሙ ከተገኘ በኋላ ግን ኳሳችሁን ተጫወቱ፤ ፈተናችሁን አጥኑ፤ በበዓላችሁም ተደሰቱ። ቅዳሜ ስትመጡ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሳትመጡም ሥራ ላይ ናቸው።